ያቋረጣችሁትን ጌም ማደስ ወይስ ከዜሮ መጀመር? ለተማሪ የተዘጋጀ ማወዳደሪያ

ላፕቶፔ ውስጥ «ወያላ የመጨረሻ» የሚባል ፎልደር አለ። ከሥሩ «ወያላ የመጨረሻ 2» አለ። ከሱ ቀጥሎ ደግሞ «ወያላ እውነተኛው የመጨረሻ» ይመጣል። ሦስቱም ውስጥ ያለው ጌም አላለቀም።

የጀመርኩት ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ ነው። ተጫዋቹ የሚኒባስ ታክሲ ረዳት ነው። «ፒያሳ! ፒያሳ!» እያለ ይጠራል፣ ይጭናል፣ ሂሳብ ይሰበስባል፣ መልስ ይሰጣል። «ወራጅ አለ!» ሲባል በሩን ይከፍታል። ትርፍ ጭኖ ትራፊክ ካየው አለቀለት። ለማንም ብነግረው ይስቃል፤ ከዚያ «መቼ ነው የምንጫወተው?» ይለኛል። ለዓመታት መልስ አልነበረኝም። በመጨረሻ ያለቀው አራተኛው ፎልደር ነው። ስሙም «ወያላ» ብቻ ነው።

ሰሞኑን የአክስቴ ልጅ ደወለችልኝ። ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ ሦስተኛ ዓመት ናት። ፍሬሽማን እያለች የጀመረችው የሱቅ በደረቴ ጌም አላት። ልጁ ዕቃውን ደረቱ ላይ ይዞ ይሸጣል፣ ደንብ አስከባሪ ሲመጣ ይሮጣል። ክረምቱን እንደገና ሠርታ ልትጨርሰው አስባለች። «ዩኒቲ ይሻላል ወይስ ጎዶ?» አለችኝ። ሁለቱም ኢንጂን ናቸው፤ ማለትም ጌም የሚሠራባቸው ሶፍትዌሮች። ቆይ፣ ከሱ በፊት የሚመረጥ ሌላ ነገር አለ አልኳት። ስልኩን ስንዘጋ አንድ ሰዓት አልፎ ነበር። የተባባልነውን ትንሽ አስፍቼ ልጻፈው።

«እንደገና ልሠራው ነው» ማለት ምን ማለት ነው?

ይህን ስንል ሦስት የተለያዩ ነገሮች ማለታችን ሊሆን ይችላል። አንደኛው ማደስ ነው። ሰው እየኖረበት ያለ ቤት እንደሚጠገነው፣ ዛሬ ወጥ ቤቱን ነገ ጣሪያውን። ሁለተኛው በዚያው ኢንጂን አዲስ ፕሮጀክት ከፍቶ ኮዱን እንደ አዲስ መጻፍ ነው። ሦስተኛው ጓዝ ጠቅልሎ ወደ ሌላ ኢንጂን መሄድ ነው።

የመጀመሪያው የሚያስጠላ ግን ርካሽ ነው። ሦስተኛው የሚያጓጓ ግን ውድ ነው። ተማሪ ሁሉ ሦስተኛውን ይመርጣል። እኔም ሁለት ጊዜ መርጬዋለሁ።

የዱክ ኑከም ፎርኤቨርን ታሪክ ምናልባት ሰምታችኋል። (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ጌሙ በ1997 ሲተዋወቅ የሚሠራው በኩዌክ 2 ኢንጂን ነበር። በ1998 ሠሪዎቹ አንሪል ወደሚባል ሌላ ኢንጂን ተዛወሩ። ገበያ ላይ የዋለው በ2011 ነው። ጥፋቱን ሁሉ ኢንጂን በመቀየር ላይ መጣል አይቻልም፤ ግን አፍርሶ መጀመር ልማድ ሲሆን ምን ያህል እንደሚያስከፍል ያሳያል።

በሌላ በኩል እንደገና ተሠርተው ያማረባቸው አሉ። ስፔለንኪ በ2008 በጌምሜከር ተሠርቶ በነፃ ወጣ፤ በ2012 ተሻሽሎ ለኤክስቦክስ እንደ አዲስ ተሠራ። ሴለስት መጀመሪያ በ2015 ፒኮ-8 በምትባል ትንሽ መሥሪያ በአራት ቀን የተሠራ ጌም ነበር፤ ሙሉው በ2018 ወጣ። ቫምፓየር ሰርቫይቨርስ በፌዘር፣ ማለትም በጃቫስክሪፕት፣ ተሠርቶ ሕዝብ ከወደደው በኋላ በ2023 ወደ ዩኒቲ ዞረ።

ልዩነቱን አያችሁ? ሦስቱም እንደገና የተሠሩት ካለቁ በኋላ ነው፣ ወይም ቢያንስ ሰው እጅ ገብተው ከተፈተኑ በኋላ። ሠሪዎቹ የሚያስደስተው የቱ እንደሆነ አውቀውታል። ዱክ ኑከም ሲዛወር ገና ያልተጫወቱት ነገር ነበር። የእኔ ወያላም እንደዚያው።

ስለዚህ ምርጫ ውስጥ ሳትገቡ አሮጌውን ፕሮጀክት ክፈቱና ሦስት ማታ ስጡት። በሦስቱ ማታ አንድ አዲስ ትንሽ ነገር ለመጨመር ሞክሩ። እኔ ብሆን «ተሳፋሪው ሳይከፍል ሊወርድ ሲል» የሚለውን እጨምር ነበር። ከገባና ሌላው ካልፈረሰ ኮዱ በሕይወት አለ፤ አድሱት። አንዱን ስትነኩ ሁለት ቦታ የሚፈርስ ከሆነ፣ ወይም የራሳችሁን ኮድ አንብባችሁ «ይህን የጻፈው ማነው?» ካላችሁ፣ በዚያው ኢንጂን እንደገና መጻፍ ያዋጣል። ሥራውን የምታውቁት ስለሆነ ሁለተኛው ዙር ይፈጥናል። ኢንጂን መቀየር የሚገባው ግን ችግሩ ኢንጂኑ ራሱ ሲሆን ብቻ ነው። ላፕቶፓችሁ አልሸከመው ሲል፣ ማውጣት ወደምትፈልጉበት ስልክ ወይም ብሮውዘር አልወጣ ሲል፣ ወይም ፈቃዱ ሲያስቸግር።

«ኮዱ ያሳፍራል» ምክንያት አይደለም። ከሁለት ዓመት በፊት የጻፋችሁት ኮድ ካላሳፈራችሁ ትምህርቱ አልገባችሁም ማለት ነው። ተጫዋች ኮድ አያይም።

ከማፍረስ በፊት የሚወጣው ዕቃ

ቤት ሲፈርስ መጀመሪያ ዕቃ ይወጣል። ጌምም ላይ እንደዚሁ ነው። ሥዕል፣ ድምፅና ጽሑፍ ከየትኛውም ኢንጂን ወደ የትኛውም ይሄዳሉ። የማይሄደው ኮዱ ውስጥ የተቀበረው ነው። የእኔ የታክሲ ታሪፍ በሙሉ በ«ኢፍ» እና «ኤልስ» መሀል ተሰግስጎ ነበር። ከየት እስከ የት ስንት ብር እንደሆነ አንድ በአንድ እያነበብኩ ወደ ወረቀት ስገለብጥ አንድ ሙሉ እሑድ ሄደ። ይህን መረጃ ከኮዱ ውጭ ወደሚቀመጥ የመረጃ ፋይል፣ ሲኤስቪ ወይም ጄሰን፣ አውጡት። ማደስ ብትመርጡም ይጠቅማችኋል።

ቁጥሮቹንም ጻፏቸው። ፍጥነት፣ የዝላይ ከፍታ፣ የስበት ኃይል፣ አንድ ተሳፋሪ ስንት ሰከንድ ይታገሣል። አሮጌውን ጌም እየተጫወታችሁ ስክሪኑን ቅዱት። ሌላ ኢንጂን ውስጥ ቁጥሩ እንዳለ አይሠራምና። ዩኒቲ ውስጥ አንድ መለኪያ እንደ አንድ ሜትር ይታሰባል፣ ወደ ላይ ስትሄዱ ዋይ፣ ማለትም የከፍታው ቁጥር፣ ይጨምራል። ጎዶ ባለ ሁለት ገጽታው (2ዲ) ላይ በፒክሰል ይቆጥራል፣ ዋይ የሚጨምረውም ወደ ታች ነው። እኔ ይህን ሳላውቅ ታክሲዬ ወደ ሰማይ ስትወጣ አንድ ማታ ሙሉ አይቻለሁ።

ሌላው ኮፒ ነው። ሁለተኛው ፎልደር የቆመው በስንፍና አይደለም፤ ሃርድ ዲስኩ ሞተ። ፍላሽ ላይ የነበረው ኮፒ የአምስት ወር ነበር። የኮዱን ለውጥ የሚመዘግበውን ጊት ተማሩ፣ ኢንተርኔት ላይ ባለው ማስቀመጫ በጊትሃብ አስቀምጡ። ጊትሃብ ከ100 ሜጋባይት የበለጠ አንድ ፋይል በተራው መንገድ አይቀበልም። ዩኒቲ የምትጠቀሙ ደግሞ «ላይብረሪ» የሚለውን ፎልደር አትላኩ፤ ዩኒቲ ራሱ እንደገና ይሠራዋል። ያንን ፎልደር በሞባይል ዳታ ለመጫን የሞከረ ሰው አውቃለሁ። ፓኬጁ ምሳ ሰዓት ላይ አለቀ።

ኢንጂን፦ ከላፕቶፓችሁ ጀምሩ

ኢንተርኔት ላይ ያሉ ማወዳደሪያዎች ጥሩ ኮምፒውተርና የማይቋረጥ ኢንተርኔት ላለው ሰው የተጻፉ ናቸው። ዶርም ውስጥ ያለ ተማሪ ሌላ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ «የትኛው የተሻለ ግራፊክስ አለው?» ሳይሆን «የትኛውን አውርጄ እከፍተዋለሁ?» ነው።

ጎዶ እዚህ ላይ ተወዳዳሪ የለውም። መሥሪያው ራሱ ከ200 ሜጋባይት በታች የሆነ አንድ ዚፕ ነው። መጫን የለም፣ አካውንት የለም፤ ፈታችሁ ትከፍታላችሁ። ከጓደኛ በፍላሽ ብትወስዱትም ይሠራል። ጌሙን ለማውጣት የሚያስፈልገው ተጨማሪ ፋይል ግን ትልቅ ነው፤ ከግማሽ ጊጋ በላይ። ለአንድሮይድ ሲሆን ደግሞ ጃቫና የአንድሮይድ ኤስዲኬ ይጨመራል። ዋይፋይ ያገኛችሁ ቀን አብራችሁ አውርዱት። አሮጌ ግራፊክስ ካርድ ላላቸው «ኮምፓቲቢሊቲ» የሚል ምርጫ አለ፤ አዲስ ፕሮጀክት ስትፈጥሩ እሱን ምረጡ። ፈቃዱ ኤምአይቲ ነው። ሚሊዮን ብትሸጡም ማንም ድርሻ አይጠይቃችሁም። ቋንቋው ጂዲስክሪፕት ይባላል፤ ፓይተን የነካ ሰው በሳምንት ይለምደዋል።

ችግር የለውም ማለት አይደለም። አራተኛው ትልቅ ስሪት በ2023 ሲወጣ ብዙ ነገር ስሙን ቀየረ። በጎዶ 3 የተሠራ ፕሮጀክት ካላችሁ መቀየሪያ መሣሪያው የተወሰነውን ብቻ ነው የሚያስተካክለው። የቀረውን በእጅ ነው። ዩቲዩብ ላይም የጎዶ 3 ትምህርት ከጎዶ 4 ጋር ተደባልቆ ነው ያለው፤ አንዱን እያያችሁ በሌላው ስትጽፉ ጸጉራችሁን ትነጫላችሁ። አሮጌው ፕሮጀክታችሁ በጎዶ 3 ሆኖ የሚሠራ ከሆነ እዚያው ጨርሱት። ማንም አያስገድዳችሁም።

ዩኒቲ ከባድ ነው። ከአንድሮይድ ሞጁሉ ጋር ከ10 ጊጋባይት ሊያልፍ ይችላል። አካውንት ይጠይቃል። 4 ጊጋ ራም ባለው ላፕቶፕ ብሮውዘርም ከፍቶ መሥራት ስቃይ ነው። እኔ አንዲት መስመር ኮድ ቀይሬ ሻይ አፍልቼ እመለስ ነበር። በ8 ጊጋና በኤስኤስዲ ግን ይሄዳል። ዩኒቲ የሚበልጠው በሌላ ነው። ቋንቋው ሲሻርፕ ነው፤ ሲሻርፕ ያወቀ ሰው ጌም ባይሠራም ሥራ ያገኝበታል። የጌም ሥራ ማስታወቂያ ላይም ስሙ በብዛት ይታያል። የተጠየቀ ጥያቄ ሁሉ ቀድሞ የተመለሰበት ኢንጂን ነው። አዲስ አበባ ያሉ የሙያ ጓደኞቼም አብዛኞቹ እሱን ነው የሚያውቁት። ስትቸገሩ የሚጠየቅ ሰው መኖሩ ቀላል ነገር አይደለም።

ስለ ዋጋው የሚወራውን ላጥራው። በመስከረም 2023 ዩኒቲ በጌም ጭነት ልክ ክፍያ እጠይቃለሁ ብሎ ዓለምን አስቆጣ። ልክ በዓመቱ ሐሳቡን ሰረዘው። አሁን ገቢያችሁ በዓመት 200,000 ዶላር እስኪደርስ የግል ስሪቱ ነፃ ነው። እዚያ እስክትደርሱ ሌላ የሚያስጨንቃችሁ ነገር አይጠፋም። ያ ቀን ግን ሌላ ነገር አስተምሮኛል። የኩባንያ ንብረት የሆነ ኢንጂን ላይ ስትሠሩ ሕጉ ነገ ሊቀየር ይችላል።

አንሪልን በአጭሩ ልለፈው። የሚያወጣው ምስል ያፈዛል። እስከ 1 ሚሊዮን ዶላር ሽያጭ ድርሻ አይጠይቅም፣ ከዚያ በላይ 5 በመቶ ነው። ግን ሠሪው ኤፒክ ራሱ የሚመክረው 32 ጊጋ ራም ነው። ማውረጃው አሥራ ምናምን ጊጋ ጠይቆ አያበቃም። ዲፓርትመንታችሁ ጥሩ ላብ ከሌለው፣ ቁልፉም እጃችሁ ካልገባ፣ እርሱት።

ጌምሜከር ለባለ ሁለት ገጽታ ጌም ቆንጆ ነው፤ ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ ለማይሸጥ ጌም ነፃ ሆኗል፤ ለመሸጥ አንድ ጊዜ ይከፈላል። የመጀመሪያ ጌማችሁን በፓይጌም፣ በፓይተኑ የጌም መሥሪያ፣ የሠራችሁ ደግሞ ትኖራላችሁ፤ ፓይተን ኮርስ ላይ ሁሉም ሰው ሠርቷል። ፓይጌም ለመማር ጥሩ ነው። ወደ ስልክ ማውጣት ሲመጣ ግን ትግል ነው። «ያለ ኢንጂን በኮድ ብቻ አይሆንም» የሚላችሁን አትስሙ። በ2024 ዓለምን ያዳረሰው ባላትሮ በሉዋ ቋንቋ፣ ለቭ በሚባል ቀላል ማዕቀፍ የተሠራ ነው።

ፊደላችን

ይህን ነጥብ የፈረንጅ ማወዳደሪያ ላይ አታገኙትም። ጌማችሁ አማርኛ የሚናገር ከሆነ ግን ዋና ጉዳይ ነው።

ደስ የሚለው፣ ፊደላችን ለኮምፒውተር ቀላል ነው። ከግራ ወደ ቀኝ ይጻፋል። እንደ ዓረብኛ ፊደሎቹ አይያያዙም። «ሀ» አንድ ቁምፊ ናት፣ «ሁ» ሌላ። ስለዚህ ንግግር አንድ በአንድ ፊደል እየታየ እንዲጻፍ ብታደርጉ ምንም አይበላሽም።

የሚያስቸግረው ብዛቱ ነው። 33 ሲባዛ በ7፣ 231 ይሆናል፤ ዲቃላዎቹና ሥርዓተ ነጥቡ ገና አልተቆጠሩም። ዩኒቲ ውስጥ ጽሑፍ የሚያሳየው ቴክስትሜሽፕሮ ፎንቱን አስቀድሞ ወደ ሥዕል ይቀይረዋል፤ ሳትነግሩት የአማርኛውን ክልል አያካትትም። ውጤቱ የታወቀው ባዶ ሣጥን ነው። ፎንቱን ስታዘጋጁ ከ1200 እስከ 137ኤፍ ያለውን የዩኒኮድ ክልል ጨምሩ። ጌምሜከርም ክልሉን እንድትጨምሩለት ይፈልጋል። ጎዶ የፎንት ፋይሉን ጎትታችሁ ስታስገቡለት ያነበዋል። እኔን ወደ ጎዶ የሳበኝ አንዱ ይህ ነበር።

ፎንት ስትመርጡ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ወይም አቢሲኒካን ውሰዱ፤ ሁለቱም በነፃ ፈቃድ አብረው ሊሰራጩ ይችላሉ። ኒያላ ከዊንዶውስ ጋር የመጣ ስለሆነ ኮምፒውተራችሁ ላይ አለ ማለት ከጌማችሁ ጋር ማውጣት ትችላላችሁ ማለት አይደለም።

የፒክሰል ጌም የምትሠሩ ሌላ ምርጫ ይጠብቃችኋል። የላቲን ፊደል በ8 በ8 ፒክሰል ይነበባል። «ጨ» እና «ጬ»ን፣ «ፀ» እና «ፅ»ን በዚያ መጠን ለመለየት ሞክሩ እስቲ። እኔ 60 ፊደል ስዬ ተውኩት። የጌሙ ሥዕል በፒክሰል፣ ጽሑፉ በተራ ፎንት ሆነ። ልዩነቱን የፊደሉ ጠርዝ ላይ ለሚያዩት ጥቂት ሰዎች ይቅርታ።

ስልክ፣ ኮምፒውተር ወይስ ብሮውዘር

ተጫዋቻችሁ እናታችሁ፣ ባቻችሁና የሰፈር ልጆች ከሆኑ መልሱ ስልክ ነው። አዲስ አበባ ያለው ቅኔ ጌምስም ኩኩሉንና ገበጣን ያወጣው ለስልክ ነው። ስልክ ማለት ግን መቆጣጠሪያውን ከመጀመሪያው በጣት ማሰብ ነው። በኪቦርድ የተሠራ ጌም ላይ አራት ቁልፍ ስሎ መለጠፍ አያዋጣም። የእኔ ጌም ስልክ ላይ የተሻለው ሂሳብ መቀበል በጣት መጎተት ሲሆን ነው።

ጎግል ፕሌይ መመዝገቢያው አንድ ጊዜ 25 ዶላር ነው። በቅርብ ዓመታት የተከፈተ የግል አካውንት ደግሞ ጌሙን ለሁሉም ከማውጣቱ በፊት ቢያንስ 12 ሞካሪ ለ14 ተከታታይ ቀን ሊኖረው ይገባል። አንድ ክላስ ካላችሁ ይህ ቀላል ነው። ከባዱ ዶላሩ ነው። ውጭ ያለ ዘመድ በካርዱ ሊከፍልላችሁ ይችላል፤ አካውንቱን ግን በሱ ስም አታስከፍቱ። ማንነት ይጣራል፣ ገቢ ከመጣ የታክስ ጥያቄ አለ፣ የጌሙ ባለቤትም እሱ ሆኖ ነው የሚታየው። ለመሸጥ ካሰባችሁ ሻጮች የሚፈቀዱባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ያላችሁበት አገር መኖሩን 25ቱን ከመክፈላችሁ በፊት አረጋግጡ።

ሌላው መንገድ ሁላችንም የምናውቀው ነው። ኤፒኬውን፣ ማለትም የአንድሮይድ መጫኛ ፋይሉን፣ በቴሌግራም መላክ። ነፃ ነው፣ ፈጣን ነው፣ አስተያየቱም እዚያው ይመጣል። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ። ኤፒኬውን የምትፈርሙበትን የቁልፍ ፋይል አትጣሉ። እንደገና የሠራችሁት ጌም በአሮጌው ላይ እንዲጫን የጥቅሉ ስምም ፊርማውም አንድ መሆን አለበት። ቁልፉ ከጠፋ ተጫዋቹ አሮጌውን አጥፍቶ ነው አዲሱን የሚጭነው፤ ያከማቸው ነጥብም አብሮ ይሄዳል። የኔ ቁልፍ የት እንደነበር ገምቱ። አዎ፣ ያው ሃርድ ዲስክ ላይ።

ለኮምፒውተር ከሆነ ኢች ዶት አይኦ ለተማሪ የሚመች ቦታ ነው። ለመጫን አይከፈልም፤ ከሽያጭ ለድረ ገጹ ስንት እንደምትተዉ ራሳችሁ ትወስናላችሁ። ትልቁ የኮምፒውተር ጌም መሸጫ ስቲም በአንድ ጌም 100 ዶላር ይቀበላል፤ ጌሙ 1,000 ዶላር ሲያስገባ ይመለሳል። ለመጀመሪያ ጌም አልመክረውም።

ብሮውዘር ለማሳየት ነው የሚጠቅመው። መምህር ወይም ቀጣሪ ሊንኩን ነክቶ ይጫወታል። ጎዶ ከ4.3 ጀምሮ ወደ ድር ማውጣቱን አቅልሎታል። ተጫዋቹ ግን ኢንጂኑንም አብሮ እንደሚያወርድ አትርሱ። በዳታ ለሚገባ ሰው ያ ብር ነው።

ብቻ ወይስ ከጓደኛ ጋር

ስታርዱ ቫሊን ኤሪክ ባሮን ብቻውን በአራት ዓመት ተኩል ሠራው ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። እውነት ነው። ኮምፒውተር ሳይንስ ጨርሶ ሥራ አጥቶ፣ ለመለማመጃ ብሎ የጀመረው ነው። ግን በነዚያ ዓመታት ፍቅረኛው እየሠራች ትደግፈው ነበር። ዶርም ውስጥ ሆኖ ሁሉንም ብቻ ለመሥራት የሚፈልግ ሰው ይህን ግማሽ አያነሳም።

ጓደኛ ካላችሁ አንድ ሰው ይበቃል፤ እናንተ የማትችሉትን የሚችል። አምስት ሆኖ መጀመር የቡና ጨዋታ ነው። የእኔን ሥዕሎች የሠራው የዶርም ጓደኛዬ ነበር። ተመርቆ ሥራ ያዘ። ሦስተኛውን ፎልደር ስከፍት «ያ ሥዕል የኔ ነው» አለኝ፤ እውነቱን ነው። አልተጣላንም። ግን ሁለት ወር አስቆመን። ከመጀመርያው አንድ ገጽ ወረቀት ላይ ማን ምን እንደሠራ፣ አንዱ ቢተው ሥራው ምን እንደሚሆን፣ ብር ቢመጣ እንዴት እንደሚካፈል ጽፋችሁ ፈርሙ። ሠዓሊ ከሌላችሁ ኬኒ የሚባለው ሰው የሚያወጣቸው ሥዕሎች አሉ፤ በሺህ የሚቆጠሩ ናቸው፣ ለሽያጭ ጌም እንኳ በነፃ ይፈቀዳሉ።

ጊዜ ይጨመር ወይስ ጌሙ ይቆረጥ?

ይቆረጥ። ሴሚስተር አይጠብቃችሁም። ሚድ ይመጣል፣ ፋይናል ይመጣል፣ ጂሲ (ተመራቂ) ስትሆኑ ደግሞ የመመረቂያ ፕሮጀክት አለ። ያላችሁ ክረምቱና ጥቂት ቅዳሜዎች ናቸው። መብራትም በመሀል ይሄዳል።

የእኔ የመጀመሪያ ዕቅድ 11 የታክሲ መስመር ነበር። አየር ጤና፣ ሳሪስ፣ ጦር ኃይሎች፣ የሌለ አልነበረም። ያለቀው ጌም አንድ መስመር ነው፤ ከመገናኛ ፒያሳ። ጠዋት፣ ምሳ ሰዓትና ማታ አለው። ሁሉን ተጫውቶ ለመጨረስ 20 ደቂቃ አይሞላም። ከባለ ሦስት ገጽታ ወደ ሁለት ያወረድኩትም ያኔ ነው። ሦስት ገጽታ ማለት ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ ሞዴል፣ አጥንት፣ እንቅስቃሴ፣ መብራት ማለት ነው። ሁለት ገጽታ ላይ አንድ ሥዕል ገልብጬ ኮፍያ እጨምራለሁ፤ ሌላ ሰው ሆነ።

ስትቆርጡ ከዳር ጀምሩ። የማይነካው ጌሙን ጌም ያደረገው አንድ ነገር ነው። እኔ ጋ እሱ መልስ መስጠት ነበር። አምስት ሰው በአንድ ጊዜ ብር ሲዘረጋ፣ ማን ስንት እንደሰጠ ማስታወስ። ይህን አሮጌው ፕሮጀክት ላይ ጓደኞቼ ሲጫወቱ ነው ያወቅኩት። ቆሜ ሳያቸው መኪናውን ማንም አላየውም፤ ሁሉም ስለ መልሱ ይጮኹ ነበር። እንግዲህ ሦስት ዓመት የለፋሁበት የመኪና ፊዚክስ በአንድ ማታ ተሰረዘ።

ሲጨመቅ እንግዲህ የእኔ ምርጫ ይህ ነው። 4 ጊጋ ራም ያለው፣ አማርኛ ጌም የሚሠራ፣ አሮጌው ፕሮጀክቱ አልከፈት ያለው ሰው ወደ ጎዶ ይሂድ። ጥሩ ላፕቶፕ ያለው፣ ሲሻርፕ የጀመረ፣ ሥራ የሚያስብ ሰው ዩኒቲ ላይ ይቆይ። የሚሠራ ነገር ያለው ማንም ሰው ደግሞ ምንም አይቀይር።

የአክስቴ ልጅ አሮጌውን ፕሮጀክት ከፍታ ሦስት ማታ ሰጥታው ነበር። ልትጨምር የፈለገችው ዝናብ ነው፤ ሲዘንብ ጃንጥላ ይወደዳል፣ ደንብ አስከባሪውም ይጠለላል። በሁለተኛው ማታ ሠራላት። ቪዲዮውን ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ በቴሌግራም ላከችልኝ። ልጁ ዝናብ ውስጥ ቆሞ ይሸጣል፣ ደንብ አስከባሪው ግን ጃንጥላ ሊገዛ መጥቶ ሰልፍ ይዟል። እንዲህ እንዲያደርግ አልነገረችውም፤ ስህተት ነው። እንዳትነኪው አልኳት። ዩኒቲ ላይ ቀርታለች። ሦስተኛውን ማታ ተኝታበታለች።